መምህር ነኝ፤ የትምህርት አፕና ቪዲዮ ሥራ ውስጥ በየት በኩል ልግባ?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር የ4ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነኝ፤ 6 ዓመት አስተምሬያለሁ። ለተማሪዎች አፕ፣ ቪዲዮና ዲጂታል ትምህርት የማዘጋጀት ሥራ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ። ፎቶሾፕ እሞካክራለሁ፣ ኮዲንግ አላውቅም። ሥራዬን ለቅቄ ኮዲንግ ልማር? ምን ምን ዓይነት መደብ አለ? ቨርጂንያ ያሉ ዘመዶቼም ለልጆቻቸው የአማርኛ ማስተማሪያ ሥራልን ይሉኛል፤ ከዚያ ብጀምር ይሻላል?»

መልስ፦ መምህር፣ ሥራዎን አይልቀቁ፣ በኮዲንግም አይጀምሩ። ኮድ የሚጽፍ ሰው ተፈልጎ ይገኛል። 3/8 ሲደመር 2/8 ስንት ነው ሲባል ያ ሁሉ ልጅ ለምን 5/16 ብሎ እንደሚጽፍ በየዓመቱ ያየ፣ ከዚያ ስህተት የሚወጡበትንም መንገድ የሚያውቅ ሰው ግን በዚህ ሙያ ብርቅ ነው። እርስዎ ይህን ይዘዋል። የጎደለዎት ያንን እውቀት ስክሪን ላይ የማውረድ ልምድና ለቀጣሪ የሚያሳዩት አንድ የተጠናቀቀ ሥራ ነው። ከማስተማሩ ሳይወጡ በሳምንት 8 ሰዓት ያህል ቢሰጡት በሦስት ወር ሁለቱንም ማግኘት ይችላሉ።

መደቦቹን ባጭሩ ላንሳ። ማስታወቂያ ላይ «ኢንስትራክሽናል ዲዛይነር» ተብሎ የሚወጣው ተማሪው ምን ይማራል፣ በምን ቅደም ተከተል፣ ማወቁስ በምን ይለካል የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው። ስክሪፕት ጸሐፊው ያንን ወደሚነገርና ወደሚታይ ነገር ይለውጣል። ግራፊክ ዲዛይነሩ፣ አኒሜተሩና ኤዲተሩ ምስሉን ይሠራሉ። ዩ ኤክስ ዲዛይነሩ የትኛው ቁልፍ የት እንደሚቀመጥና ልጁ ሲሳሳት ምን እንደሚያይ ያስባል። ዴቨሎፐሩ ኮዱን ይጽፋል፣ ፕሮዳክት ማናጀሩ ደግሞ ምን እንደሚቀድምና ምን እንደሚቀር ይቆርጣል። እኛ አገር ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ከእነዚህ የሁለቱን ወይም የሦስቱን ሥራ ደርቦ ይይዛል። ሥራው የሚገኘው በትምህርት ቢሮዎችና በግብረ ሰናይ ድርጅቶች ፕሮጀክቶች፣ በዩኒቨርሲቲዎች የኢለርኒንግ ክፍሎች፣ በትንንሽ የሶፍትዌር ድርጅቶች ነው። ብዙ አመልካች የማያስበው በር ደግሞ የባንኮችና የትልልቅ ኩባንያዎች የሥልጠና ክፍል ነው፤ ለሠራተኞቻቸው ዲጂታል ኮርስ የሚያዘጋጅላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ለመምህር የሚቀርቡት ሁለቱ በሮች የትምህርት ዲዛይንና ስክሪፕት ናቸው። ከሁለቱ እኔ በስክሪፕት ግቡ ነው የምለው፤ የሚጠይቀው መሣሪያ ጥቂት ነው፣ ችሎታዎም ቶሎ ይታያል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ስለ ክፍልፋይ በሙሉ አይሥሩ፤ አንድ ነጥብ ብቻ ይምረጡ፦ ታህታቸው እኩል የሆኑ ክፍልፋዮችን መደመር። አንድ ወረቀት በአራት ዓምድ ይክፈሉ። በመጀመሪያው ዓምድ ተማሪው መጨረሻ ላይ የሚሠራውን ነገር በግስ ይጻፉ፤ «ይረዳል» አይበሉ፣ «ይደምራል» ይበሉ። በሁለተኛው ልጆች የሚሳሳቱትን ስህተት ከነምክንያቱ፣ በሦስተኛው ያንን ስህተት የሚያወጣውን ጥያቄ፣ በአራተኛው ልጁ ሲሳሳት ስክሪኑ የሚመልስለትን ያስፍሩ።

ለምሳሌ 3/8 + 2/8 ብለን አራት አማራጭ እንስጥ፦ 5/8፣ 5/16፣ 6/8፣ 1/8። 5/16 የመረጠው ላዕልንም ታህትንም ደምሯል። 6/8 ያለው ላዕሎቹን አባዝቷል። 1/8 ያለው ምልክቱን ሳያይ ቀንሷል። ሦስቱ የተሳሳቱት በተለያየ ምክንያት ነው፤ ለሦስቱም «ተሳስተሃል፣ እንደገና ሞክር» የሚል አፕ ምንም አላስተማረም። ለመጀመሪያው ልጅ በስምንት የተቆረጠ ድፎ ዳቦ ያሳዩት፤ ሦስት ቁራሽ ትሪ ላይ ይውጣ፣ ሁለት ይጨመር። ከዚያ 5/16ን ከ3/8 ጎን ያስቀምጡለትና «መጀመሪያ ከነበረን ይሄ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብለው ይጠይቁት። 3/8 ማለት 6/16 ስለሆነ የእሱ መልስ ከመነሻው ያንሳል። ጨምረንበት እንዴት አነሰ? ይህን ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ማስቀመጥ የቻለ ሰው የሙያውን እምብርት አግኝቷል። አብዛኞቹ የትምህርት አፖች የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው፤ ኮከብና ጭብጨባ ሞልቷቸዋል፣ ለተሳሳተው ልጅ ግን የሚሉት ነገር የላቸውም።

ይህን ኮምፒውተር ሳይነኩ ወረቀት ላይ ይሥሩት። አንድ ስክሪን አንድ ወረቀት ነው። ልጁ በጣቱ ሲነካ እርስዎ ቀጣዩን ወረቀት ያስቀምጡለታል። አምስት ልጆች ይበቃሉ፤ የራስዎ ተማሪዎች ባይሆኑ ይመረጣል፣ ምክንያቱም መምህሩን ለማስደሰት «ገብቶኛል» ይላሉ። በሙከራው ጊዜ አያስረዱ፣ አይጠቁሙ። «አሁን ምን እያሰብሽ ነው?» ብቻ ይበሉና ይጻፉ። መጨረሻ ላይ «ለታናሽ ወንድምሽ እንዴት ትነግሪዋለሽ?» ብለው ይጠይቁ፤ መግባቱ የሚታወቀው ያኔ ነው። ሁለት ልጆች አንድ ቦታ ላይ ከተሰናከሉ አምስቱን እስኪጨርሱ አይጠብቁ፤ ወረቀቱን ቀይረው በሦስተኛው ልጅ ይቀጥሉ። የሙከራውን ማስታወሻ ከነቀኑ ያስቀምጡት፤ በኋላ ሥራ ሲያመለክቱ ይጠቅምዎታል።

ለቪዲዮ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። በ1969 እንደ ፈረንጆቹ በአሜሪካ ለጀመረው «ሰሳሚ ስትሪት» ለተባለው የልጆች ፕሮግራም ኤድዋርድ ፓልመር የተባለ ተመራማሪ የተጠቀመበት ነው። ልጁ ፕሮግራሙን ሲያይ ጎኑ ላይ በየ7.5 ሰከንዱ የሚቀያየር ስላይድ ይደረጋል፤ ዓይኑ ከፕሮግራሙ ወደ ስላይዱ የሚሄድበት ቦታ ይመዘገባል። በሁለት ስልክ ቤትዎ ሊያደርጉት ይችላሉ፦ አንዱ ቪዲዮዎን ያጫውት፣ ሌላው ጎን ለጎን ፎቶ ያቀያይር። ዓይን የሸሸበትን ደቂቃና ሰከንድ ይጻፉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሸው አስተማሪው ብቻውን የሚያወራበት፣ ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የሌለበት ቦታ ላይ ነው።

ርዝመትን በተመለከተ፣ ኤድኤክስ በተባለው የኢንተርኔት ኮርሶች መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታ ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2014 እንደ ፈረንጆቹ ባወጡት ጽሑፍ ተማሪው አንድን ቪዲዮ በትኩረት የሚከታተለው ቢበዛ 6 ደቂቃ ያህል መሆኑን አሳይተዋል። እነዚያ በራሳቸው ፈቃድ ኮርስ የተመዘገቡ ተማሪዎች ናቸው። ለ4ኛ ክፍል 3 ደቂቃ ይበቃል። የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ ለማስተማሪያ ትረካ በደቂቃ ከ80 እስከ 100 ቃል ይያዙ፤ 3 ደቂቃ ማለት ቢበዛ 300 ቃል ነው። ስክሪፕቱን በሁለት ዓምድ ይጻፉ፣ በግራ የሚታየው በቀኝ የሚሰማው። በቀኝ የጻፉትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ በግራ አይድገሙት፤ ልጁ ማንበብና መስማት ይሻማበትና ሥዕሉን አያየውም። ስክሪኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥሩና ቁልፍ ቃሉ ብቻ ይሁን።

ከምስል ይልቅ ድምፅ ላይ ይጨነቁ። ደብዛዛ ሥዕል ይታለፋል፤ የሚያስተጋባ ድምፅ ግን ልጁን ያደክመዋል። ስልክዎ ይበቃል፦ ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ፊት ወይም ብርድ ልብስ የተሰቀለበት ጥግ፣ ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ርቆ ትንሽ ወደ ጎን። የፋይሉን መጠን ደግሞ አስቀድመው ያስሉ። 3 ደቂቃ ቪዲዮ በ480ፒ የምስል ጥራት፣ በሰከንድ 500 ኪሎቢት ምስልና 64 ኪሎቢት ድምፅ ሲሆን 13 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። ያው ቪዲዮ በ1080ፒ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ሲሆን ከ90 ሜጋባይት ያልፋል። የጠፍጣፋ ሥዕል አኒሜሽን በትንሽ ስልክ ላይ ሲታይ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም፤ ካርዱን የሚሞሉት ወላጅ ግን ያዩታል።

መለማመጃውን ለመሥራት ኤች5ፒ የተባለውን፣ ያለ ኮዲንግ ጥያቄና ልምምድ የሚሠራበትን መሣሪያ ይማሩ። ነፃ ነው፤ ሉሚ የሚባለውም ነፃ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ኮምፒውተርዎ ላይ ያሠራዎታል። የምርጫ ጥያቄ ሲሠሩ በእያንዳንዱ አማራጭ ሥር ለየብቻው ግብረ መልስ ማስገቢያ አለው፤ ያ አራተኛ ዓምድዎ የሚገባው እዚያ ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ። በባዶ ቦታ ሙላ ላይ ትክክለኛ መልሱን 5/8 ብለው ካስገቡ ሰያፍ መስመሩን «ወይም» ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ 5 ብቻ የጻፈውንም 8 ብቻ የጻፈውንም ልክ ነህ ይላል፣ ሙሉውን የጻፈውን ደግሞ ተሳስተሃል ሊል ይችላል። ላዕልና ታህትን በሁለት ባዶ ቦታ ይለያዩዋቸው።

ያው ሰያፍ መስመር በአማርኛ ጥያቄ ላይ ግን ያድናል። ልጁ «ጸሀይ» ብሎ ጽፎ ማሽኑ የሚያውቀው «ፀሐይ» ብቻ ከሆነ ትክክለኛው መልስ በቀይ ይሰረዛል። ይህ በአማርኛ አፖች ላይ በየጊዜው የሚታይ ጥፋት ነው፤ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ኮዱን የጻፈው ሰው ፊደላቱ ላይ አለማሰቡ ነው። ሁለቱ ጸ/ፀ እና ሦስቱ ሀ/ሐ/ኀ ብቻቸውን ለዚህ አንድ ቃል 6 አጻጻፍ ይሰጣሉ፤ ሃ፣ ሓ፣ ኃ ሲጨመሩ 12 ይሆናል። በኤች5ፒ ዋና ዋናዎቹን አጻጻፎች በሰያፍ መስመር እየለዩ ያስገባሉ። ዴቨሎፐር ካለ ደግሞ መልስ ከማወዳደሩ በፊት ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ በሁሉም ሆሄ፣ ሃንም ወደ ሀ እንዲመልስ ይጠይቁት። ለማወዳደር ብቻ ነው ታዲያ፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጽሑፍ አይነካ፣ ትምህርቱ ራሱ ስለ ፊደል አጻጻፍ ከሆነም ይህ አይሠራም። አራት ነጥብም እንዲሁ ነው፤ አንዱ «።» ሲጽፍ ሌላው ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ይመታል፣ ለማሽን የተለያዩ ናቸው። ለታች ክፍሎች ከነአካቴው አያስተይቡ፤ ፊደላቱን ሰጥተው ያስጎትቱ።

ከመጽሐፍ አዘጋጆች በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተተየበ ጽሑፍ ከመጣልዎ ስልክ ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝባዝንኬ ይሆናል። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ቁጥር ሥርዓት፣ የተካተተው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደሉን በላቲን ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ወደ ዩኒኮድ ቀይረው፣ ከዚያ ቃል በቃል አንብበው ያርሙ፤ መቀየሪያ ፕሮግራሞች እንደ ሏና ቧ ያሉ ዲቃላ ሆሄያት ላይ ብዙ ይስታሉ። ፎንቱን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ቢያደርጉት ሁለቱም ነፃ ናቸው። ጽሑፉን በላፕቶፕ አይገምግሙ፤ ርካሽ ስልክ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ያንብቡት።

ተቋም ውስጥ ሲገቡ ሥራዎ ሙድል በመሰለ የኮርስ ማስተዳደሪያ ሲስተም ላይ ይጫናል፤ በተለይ ባንክና ኩባንያ «ስኮርም ፓኬጅ»፣ ማለትም ኮርሱ በተለያዩ ሲስተሞች ላይ እንዲሠራ በአንድ ደንብ የታሸገ ፋይል፣ ይጠይቅዎታል። በብዛት የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ፓኬጁ ዚፕ ሲደረግ የኮርሱን ይዘት የሚዘረዝረው የማኒፌስት ፋይል ከላይ መገኘት አለበት። ሰዎች ፎልደሩን እንዳለ ዚፕ ያደርጉታል፤ ያኔ ፋይሉ አንድ እርከን ወደ ውስጥ ይገባና ሲስተሙ አላገኘሁትም ይላል። ፎልደሩን ከፍተው በውስጡ ያሉትን ሁሉ መርጠው ዚፕ ያድርጉ። ሁለተኛው ስውር ነው። ስኮርም 1.2 የተባለው እትም ተማሪው የደረሰበትን የሚያስቀምጥበት ቦታ 4096 ካራክተር ብቻ ነው። ረጅም ኮርስ ያንን ይሞላና ተማሪው ነገ ሲመለስ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል። የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው የዩኒኮድ ማስቀመጫ ዘዴ ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ በባይት የሚቆጥር ሲስተም ላይ፣ የተጻፈ መልስ የሚያስቀምጥ ኮርስ 1365 ፊደል ላይ ይሞላል። መድኃኒቱ ኮርሱን ወደ አጫጭር ክፍሎች መቁረጥ ነው። ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ ኮሊብሪ የተባለውን የመማሪያ ፕሮግራም ይዩ፤ በአንድ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ በክፍሉ ውስጥ በዋይፋይ ብቻ ይሠራል።

እዚህ ላይ ፕላዝማን ማንሳት አለብኝ፤ እርስዎም ራስዎ በፕላዝማ ተምረው ሊሆን ይችላል። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ትምህርቱ በሳተላይት በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። መምህሩ ማቆም አይችል፣ መመለስ አይችል። መብራት ከጠፋ ክፍለ ጊዜው አለፈ። ጥያቄ ቀርቦ ተማሪው ደብተሩን ሳይገልጥ መልሱ ይመጣል፤ ያውም በእንግሊዝኛ። መምህሩ የገዛ ክፍሉ ውስጥ ተመልካች ሆነ። ለክፍል የሚሆን ነገር ሲሠሩ ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሮ «መምህሩ እዚህ ላይ ምን ይሠራል?» ብለው ይጠይቁ። በየ3 ደቂቃው ራሱ የሚቆም ቪዲዮ፣ መምህሩ የሚያነበው አንድ ገጽ መመሪያ፣ መብራት ቢጠፋ የሚሠራበት የወረቀት ልምምድ። ሦስቱ ካሉ ምርትዎ ክፍል ውስጥ ይቆያል።

ኮዲንግስ? ሁለተኛውን የናሙና ሥራዎን ከጨረሱ በኋላ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጥቂት ጃቫስክሪፕት ይማሩ። ዓላማው ፕሮግራመር መሆን አይደለም፤ ከዴቨሎፐር ጋር ሲነጋገሩ የቱ የአንድ ሰዓት፣ የቱ የአንድ ወር ሥራ እንደሆነ ለመገመት ነው።

የቨርጂንያዎቹን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ግን መጀመሪያ አይሁን። እዚያ የተወለዱ ልጆች ብዙዎቹ አማርኛ ይሰማሉ፣ ፊደል አይለዩም። የእርስዎ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ከሚያስፈልገው ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው፤ የቋንቋ ትምህርትም እንደ ሒሳቡ የዓመታት ልምድ የለዎትም። ሲደርሱበት እያንዳንዱ ቃል ድምፅ ይኑረው። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ዋና» የዋናተኛው ይሁን የአለቃው፣ «ገና» በዓሉ ይሁን ጊዜው፣ ፊደሉን ብቻ የሚያይ ልጅ ሊለይ አይችልም። ከ13 ዓመት በታች ከሆኑ የአሜሪካው ኮፓ የተባለው ሕግ መረጃቸውን ለመሰብሰብ የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ቀላሉ መፍትሔ ስም፣ ፎቶና ስልክ ቁጥር አለመሰብሰብ ነው፤ ለልምምድ አያስፈልጉም።

ማመልከት ሲጀምሩ የሰርተፍኬት ክምር አይላኩ። አንድ ሊንክና ሁለት ገጽ ይበቃል፦ የመጀመሪያው ወረቀት ፎቶ፣ ከሙከራው በኋላ የተቀየረው፣ ልጆቹ ያሉት፣ የመጨረሻው ሥራ። የልጆቹ ፊትና ስም አይታይ፤ ለሙከራውም የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ። ለፈተና ደግሞ ብዙ ቦታ 30 ገጽ ፒዲኤፍ ሰጥተው «ይህን ወደ ኮርስ ቀይር» ይሉዎታል። ወዲያው ስላይድ መሥራት የጀመረ ይወድቃል። መጀመሪያ ይጠይቁ፦ ይህን የሚማረው ማን ነው? ከኮርሱ በኋላ ሥራው ላይ ምን በተለየ መንገድ ይሠራል? አሁን የሚሳሳተው የት ላይ ነው? ከዚያ ከ30ው ገጽ 22ቱን ቢጥሉ አይፍሩ።

የግል ሥራ ከመጣልዎ ውሉ ላይ አራት ነገር ይግባ፦ የሚያጸድቀው ሰው አንድ መሆኑ፣ እርማት ሁለት ዙር መሆኑ፣ ዋናው ፋይል ለማን እንደሚቀር፣ ሥራውን በናሙናነት ማሳየት መቻልዎ። ክፍያውን 30 በመቶ ሲጀመር፣ 40 በመቶ ስክሪፕቱ ሲጸድቅ፣ 30 በመቶ በርክክብ ቢያደርጉት ይሻላል። ስክሪፕቱ በፊርማ ሳይጸድቅ ድምፅ አይቅረጹ፣ ሥዕልም አያስጀምሩ። ለ3 ደቂቃ አኒሜሽን ብቻውን የሚሠራ ሰው ስክሪፕትና ስቶሪቦርድ (ትዕይንቱ በቅደም ተከተል የሚነደፍበት ሥዕል) 3 ቀን፣ ድምፅ ግማሽ ቀን፣ ሥዕልና እንቅስቃሴ ከ4 እስከ 6 ቀን፣ ማጠናቀቂያ 1 ቀን ይፈጅበታል ብለው ያስሉ። ስክሪፕት ላይ የ10 ደቂቃ ሥራ የሆነች አንዲት ቃል፣ አኒሜሽኑ ካለቀ በኋላ ብትቀየር ድምፁንም ሥዕሉንም ጊዜውንም ታፈርሳለች። የመጀመሪያውን ሥራ ሲጨርሱ የአራቱን ዓምድ ወረቀትና የሙከራ ማስታወሻውን እዚህ ይለጥፉት፤ መስመር በመስመር አይቼ እመልስልዎታለሁ።